ብሪታንያ ከጡረተኞቿ ስትቆርጥ፦ መቀሱ ማን ላይ አረፈ?

ሌበር ፓርቲ ጁላይ 4 ቀን 2024 ምርጫውን አሸነፈ። ገና ወር ሳይሞላው፣ ጁላይ 29፣ የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ ፓርላማ ቀርበው ከቀድሞው መንግሥት የ22 ቢሊዮን ፓውንድ ጉድለት ወረስን አሉ። ያንን ጉድለት ለመድፈን ከተቆረጡት ነገሮች አንዱ የጡረተኞች የክረምት ማሞቂያ ገንዘብ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እዚህ አገር ደብዳቤውም ሕጉም በዚያ ነውና።)

ገንዘቡ ትልቅ አይደለም። ለአንድ ቤት በዓመት 200 ፓውንድ፣ 80 ዓመት የሞላው ሰው ካለ ደግሞ 300። ጎርደን ብራውን የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ በ1997 የጀመሩት ነው። ዕድሜው የደረሰ ሰው ድሃም ይሁን ሚሊየነር፣ ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይጠይቅ ባንኩ ይገባለት ነበር። ሪቭስ ይህን አስቀሩት። ከእንግዲህ የሚያገኙት ፔንሽን ክሬዲት ወይም እሱን የመሰለ፣ ገቢ ታይቶ የሚሰጥ ድጎማ የሚቀበሉ ብቻ ናቸው ተባለ። በእንግሊዝና በዌልስ ከ10 ሚሊዮን በላይ የነበረው የተቀባይ ቁጥር ወደ 1 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ይወርዳል ተብሎ ተገመተ። መንግሥት የሚያድነው በዓመት 1.4 ቢሊዮን ፓውንድ አካባቢ ነው።

ከዚያ የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ሴፕቴምበር 10 ፓርላማው በ348 ለ228 ድምፅ ቅነሳውን አጸደቀ። በኦክቶበር የጋዝና የመብራት ዋጋ ጣሪያ 10 በመቶ ጨመረ። ክረምቱ አለፈ። በሜይ 2025 የአካባቢ ምርጫ ሌበር ክፉኛ ተመታ፣ ሪፎርም ዩኬ የተባለው ተቀናቃኝ ፓርቲ ወንበሩን ሰበሰበው። የሌበር ቅስቀሳ ያደረጉ ሰዎች ቤት ለቤት ሲያንኳኩ ደጋግመው የሰሙት ነገር ይኸው የማሞቂያ ገንዘብ ነበር። ሜይ 21 ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር እናሻሽለዋለን አሉ። ጁን 9 ላይ አዲሱ ደንብ ወጣ። ገንዘቡ ለሁሉም ጡረተኛ ይከፈላል፣ ታክስ የሚከፈልበት ዓመታዊ ገቢው ከ35 ሺህ ፓውንድ የሚበልጥ ሰው ግን በታክስ በኩል መልሶ ይወሰድበታል። በዚህ ስሌት በጠቅላላ 9 ሚሊዮን ያህል ሰው ገንዘቡን ያገኛል ተባለ። መንግሥት የሚያድነውም ወደ 450 ሚሊዮን ፓውንድ ወረደ።

ብዙ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚወስደው ትምህርት «ጡረተኛ አትንካ፣ ድምፅ ይሰጣል» የሚል ነው። እውነትነት አለው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቅነሳው ሀብታም ጡረተኛ ላይ ያነጣጠረ ነው ተብሎ ወጣ፣ ሲወርድ ግን ክፉኛ የጎዳው ፎርም ያልሞላውን ድሃ ነው። መንግሥት ስለ ድጎማ ቅነሳ ባነሳ ቁጥር «ለማን ይገባል?» የሚለው ጥያቄ ላይ እንከራከርና፣ «የሚገባው ሰው በምን ይለያል?» የሚለውን እንዘለዋለን። ብዙው ጉዳት ያለው እዚያ የዘለልነው ላይ ነው።

በመጀመሪያ ግን ለሪቭስ ፍትሐዊ እንሁን። ሐሳቡ ራሱ ክፉ አይደለም። ቤቱን ከፍሎ የጨረሰ፣ ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ጥሩ ጡረታ የሚያገኝ ሰው በየክረምቱ 200 ፓውንድ ከመንግሥት የሚቀበልበት ምክንያት ለማስረዳት ያስቸግራል። እንዲያውም ገንዘቡን በየዓመቱ ለበጎ አድራጎት የሚሰጡ ጡረተኞች ነበሩ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ልጅ የሚያሳድጉ ቤተሰቦች ሦስተኛ ልጅ ስለወለዱ ብቻ ድጎማ ይከለከሉ ነበር። ይህ የሁለት ልጅ ገደብ በ2017 የተጀመረ ነው። ጁላይ 23 ቀን 2024 ገደቡ ይነሳ ብለው ከራሳቸው መንግሥት ጋር ያልቆሙ ሰባት የሌበር የምክር ቤት አባላት ከፓርቲው ቡድን ታግደዋል። 31 በመቶ የሚሆነው የአገሪቱ ልጅ በድህነት ውስጥ እያለ ለሚሊየነር የማሞቂያ ገንዘብ መስጠት ልክ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር፣ እኔም አብሬው ነኝ።

ችግሩ የተመረጠው መለያ ነው። ፔንሽን ክሬዲት ማለት የጡረተኛው ሳምንታዊ ገቢ ከተወሰነ መጠን ካነሰ መንግሥት ልዩነቱን የሚሞላበት ድጎማ ነው። በ2024 ብቻውን ለሚኖር ሰው መጠኑ በሳምንት 218 ፓውንድ ከ15 ፔንስ ነበር። በዚያው ዓመት ሙሉው አዲሱ የመንግሥት ጡረታ ስንት ነበር? 221 ፓውንድ ከ20። ልዩነቱ 3 ፓውንድ ከ5 ፔንስ ነው። ከመንግሥት ጡረታ ሌላ ምንም ገቢ የሌለው፣ ሙሉውን ጡረታ የሚያገኝ ሰው በእነዚህ 3 ፓውንዶች ምክንያት «ድሃ አይደለህም» ተባለ። የዓመቱ ትርፍ ሲደመር 160 ፓውንድ አይሞላም፣ ያጣው ግን 200 ፓውንድ ነው። መስመሩን በ3 ፓውንድ በመሻገሩ ከመስመሩ በታች ካለው ጎረቤቱ ይበልጥ ደኸየ ማለት ነው። ይህን ሰው ማንም በሀብታም አይቆጥረውም። ጥፋቱ ዕድሜ ልኩን ሠርቶ ናሽናል ኢንሹራንሱን፣ ማለትም ከደመወዝ የሚቆረጠውን የማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ፣ አሟልቶ መክፈሉ ነው።

እነዚህ መስመሩን በጥቂት ያለፉት ናቸው። ከመስመሩ በታች ሆነው ገንዘቡን ያላገኙት ደግሞ ይብሳሉ። ፔንሽን ክሬዲት የሚገባው ሰው ሁሉ አይወስደውም። ቅነሳው ሲታወጅ መንግሥት ራሱ ይጠቅሰው የነበረው ቁጥር እስከ 880 ሺህ የሚደርሱ ቤተሰቦች እየተገባቸው አይጠይቁም የሚል ነበር። ስለዚህ ሕጉ በወረቀት «የድሃ ድሃውን እንጠብቃለን» ሲል፣ በተግባር ፔንሽን ክሬዲት ያልጠየቀ ድሃ የለም ብሎ ነው የተነሳው።

ስሌቱንም አስቡት። መንግሥት ፔንሽን ክሬዲት በአማካይ በዓመት 3,900 ፓውንድ ያህል ያስገኛል እያለ ሰው እንዲጠይቅ ይቀሰቅስ ነበር። እነዚያ 880 ሺህ ሁሉ ተነስተው ቢጠይቁና አማካዩን ቢያገኙ ከ3 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ያስወጣል። ያልጠየቁት የሚደርሳቸው ከአማካዩ ያነሰ ነው ብንል እንኳ፣ ከማሞቂያው የዳነው 1.4 ቢሊዮን በቀላሉ ይበላል። ቁጠባው ቁጠባ ሆኖ የሚቀጥለው የሚገባቸው ሰዎች ሳይጠይቁ ከቀሩ ነው። በዚህ ላይ የተመሠረተ በጀት ለእኔ ጤነኛ አይመስለኝም። በኖቬምበር 2024 የሥራና ጡረታ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ባወጣው ግምት ቅነሳው በዚያ የበጀት ዓመት ተጨማሪ 50 ሺህ ጡረተኞችን ወደ ድህነት ያስገባል።

ለምን አይጠይቁም? ፎርሙን አብሮ የሞላ ሰው ያውቀዋል። ከ200 በላይ ጥያቄ አለው። ሁሉም ለሁሉም ሰው አይመለከትም፣ ግን የትኛው እንደሚመለከት ለማወቅ ማንበብ ያስፈልጋል። ስንት ባንክ አለህ? ስንት ብር አለበት? አብሮህ ማን ይኖራል? ከአገር ውጪ ቤት ወይም መሬት አለህ? መቼ ነው እዚህ አገር የገባኸው? ከአንዲት እማማ ጋር ቁጭ ብዬ ስሞላ ያስተዋልኩት፣ ደብዳቤዎቻቸው ሁሉ በአንድ ፌስታል ውስጥ መሆናቸውን ነው። የካውንስሉ፣ የጋዙ፣ የሆስፒታሉ፣ የባንኩ፤ ግማሾቹ አልተከፈቱም። ልጃቸው ሲመጣ ይከፍተዋል። ልጁ ደግሞ ፈረቃ ነው፣ ሲመጣም ደክሞት ነው። ስለ ቁጠባቸው የሚጠይቀው ገጽ ላይ ስንደርስ ዝም አሉ። ለቀብራቸው ያስቀመጡት ገንዘብ አለ፣ እሱን የሚወስዱባቸው መስሏቸዋል።

አይወስዱም። የመጀመሪያው 10 ሺህ ፓውንድ ጨርሶ አይቆጠርም። ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ 500 ፓውንድ በሳምንት 1 ፓውንድ ገቢ እንዳለህ ይታሰባል። ይህን የሚነግራቸው ሰው ቢኖር ድሮ ይጠይቁ ነበር። ግን ፍርሃቱ አለ፣ ኩራቱም አለ። «እጄን ዘርግቼ አላውቅም» የሚል ትውልድ ነው። ይህን እንደ ሞኝነት ማየት አይገባም። መብት የሆነን ነገር በልመና መልክ የሚያቀርብ ፎርም ስታዘጋጅ፣ ኩሩ ሰው ጥሎልህ ይሄዳል።

የኛ ሰው ደግሞ እዚህ መስመር አካባቢ በዛ ብሎ ይገኛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዲሱን የመንግሥት ጡረታ ሙሉ ለማግኘት ብዙውን ጊዜ 35 ዓመት የናሽናል ኢንሹራንስ መዝገብ ያስፈልጋል፣ ከ10 ዓመት በታች ከሆነ ምንም የለም። በ30 እና በ40 ዓመቱ በስደት የገባ፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ወረቀት ሲጠብቅ ያሳለፈ፣ ከዚያም በጽዳትና በሆቴል ሥራ የኖረ ሰው 35 ዓመት ከየት ያመጣል? ልጅ ያሳደጉ እናቶችማ መዝገባቸው ላይ ክፍተቱ ይበዛል። ስለዚህ ጡረታቸው ጎዶሎ ነው፣ ፔንሽን ክሬዲት የተሠራውም ለእነሱ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ወጥመድም አለ። ከሜይ 2019 ጀምሮ ከባልና ሚስት አንደኛው የጡረታ ዕድሜ ካልደረሰ እንደ አዲስ ፔንሽን ክሬዲት መጠየቅ አይቻልም። የጡረታ ዕድሜ ላልደረሱ ሰዎች ወደሚሰጠው ድጎማ፣ ወደ ዩኒቨርሳል ክሬዲት፣ ይላካሉ፤ እሱ ደግሞ በጣም ያነሰ ነው። በኛ ቤት ባል ከሚስቱ አሥር ዓመት ሊበልጥ ይችላል። ሰውየው 70 ዓመት ሞልቶት ሚስቱ 60 ከሆነች፣ እሷ እስክትደርስ ይጠብቃል። አዋቂ ልጅ አብሮ ሲኖር ደግሞ የቤት ኪራይ ድጎማው ሊቀነስ ይችላል። ለአገር ቤት ወንድምና እህት የሚልኩት ገንዘብ እንደ ወጪ አይታይላቸውም። ከአራት ሳምንት በላይ አገር ቤት ከቆዩ ፔንሽን ክሬዲቱ ይቋረጣል። ከቅርብ ዘመድ ሞት ጋር የተያያዘ ከሆነ እስከ ስምንት ሳምንት ሊራዘም ይችላል። ገናን አክብሮ ጥምቀትን አድርጎ መመለስ ይቻላል፤ እናት ታማ ለማስታመም የሄደ ግን ይቸገራል።

ጡረታውን ይዞ ለአንዴውም አገር ቤት ስለመግባትም ብዙ ይወራል። የመንግሥት ጡረታው ኢትዮጵያ ውስጥም ይከፈላል፣ ግን አይጨምርም። ብሪታንያ በየዓመቱ ጭማሪውን የምትከፍለው በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና ስምምነት ባላት ጥቂት አገሮች ለሚኖሩ ጡረተኞች ነው። አሜሪካና እስራኤል አሉበት፣ ኢትዮጵያ የለችም። ዛሬ ሄዶ ከ15 ዓመት በኋላም የሚያገኘው ዛሬ የሚያገኘውን ነው። ፔንሽን ክሬዲቱ ደግሞ ጨርሶ አይከተለውም።

አሁን ወደ ትልቁ ገንዘብ እንምጣ። ሁሉም የጮኸበት ማሞቂያ 1.4 ቢሊዮን ነው። የመንግሥት ጡረታው በ2024–25 የወሰደው 138 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ፣ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 5 በመቶ ነው። ከጠቅላላው የድጎማ ወጪ ከግማሽ የሚበልጠው ለጡረተኞች ነው የሚሄደው። የበጀት ተመልካቹ መሥሪያ ቤት በጁላይ 2025 ባወጣው ግምት የጡረታው ወጪ በ2070ዎቹ መጀመሪያ ወደ 7.7 በመቶ ይደርሳል። ጉልህ ድርሻ ያለው «ትሪፕል ሎክ» የሚባለው ደንብ ነው። ጡረታው በየዓመቱ ከደመወዝ ዕድገት፣ ከዋጋ ንረትና ከ2.5 በመቶ በትልቁ ይጨምራል። በኤፕሪል 2023 10.1 በመቶ ጨመረ፣ በቀጣዩ ዓመት 8.5፣ ከዚያ 4.1፣ በ2026 ደግሞ 4.8። በዚሁ መሥሪያ ቤት ግምት ደንቡ በ2029–30 በዓመት 15.5 ቢሊዮን ፓውንድ ያስወጣል፣ ሲጀመር ከታሰበው ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው።

ይህን ደንብ ለዘለቄታው የሚነካ ፖለቲከኛ አላየንም። ሌበርም ኮንሰርቫቲቭም ለ2024ቱ ምርጫ እንጠብቀዋለን ብለው ቃል ገብተዋል። ስለዚህ ትልቁ ወንዝ እየፈሰሰ በጭልፋ የሚቀዳው ላይ ተጨቃጨቅን። ከዚያ ወጣቱ «አሮጊቶቹ በሉን» ይላል፣ ሽማግሌው «የከፈልኩትን ነው የምበላው» ይላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ናሽናል ኢንሹራንስ ለእያንዳንዱ ሰው የተጠራቀመ ሣጥን የለውም። የዛሬ ሠራተኛ የሚከፍለው ለዛሬ ጡረተኛ ነው የሚወጣው። በ2021 ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው 18.6 በመቶ ነበር። በ2024 አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው 1.41 ልጅ ነው። ከፋዩ እያነሰ ተቀባዩ እየበዛ ሲሄድ የሆነ ሰው ተጨማሪ መክፈል አለበት። ያ ሰው ማን ይሁን የሚለው ሐቀኛ ክርክር ይገባናል፣ እስካሁን ግን አላገኘነውም።

እኔ ብጠየቅ ትሪፕል ሎኩን በአንድ ሌሊት አልሰብረውም። ምክንያቱም ከጡረታው ሌላ ምንም የሌለውን ሰው ይጎዳል፣ ያ ሰው ደግሞ ከላይ ያልናቸው እማማ ናቸው። ይልቅ መልሶ በታክስ መሰብሰብ የሚለውን መንገድ፣ በጁን 2025 ለማሞቂያው የተመረጠውን ማለቴ ነው፣ አጠናክረዋለሁ። ለሁሉም ክፈል፣ ካለው ላይ በታክስ ውሰድ። ፎርም የለም፣ ሰልፍ የለም፣ የገቢ መረጃው ቀድሞውኑ ታክስ መሥሪያ ቤቱ ጋ አለ። ሀብታሙ ማስረዳት አይጠበቅበትም፣ ድሃውም መለመን አይጠበቅበትም። 35 ሺህ የሚለው መጠን ከፍ ብሏል የሚል ካለ መጠኑ ላይ እንከራከር። መንገዱ ግን ከመጀመሪያው ይህ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ሰው በአንድ ክረምት አይጎዳም ነበር።

ያው ስህተት በወራት ውስጥ ተደገመ። በማርች 2025 መንግሥት የአካል ጉዳተኞችና የሕሙማን ድጎማ የሆነውን ፒፕ ለመቀነስ ሐሳብ አቀረበ። ከሌሎች የድጎማ ለውጦች ጋር ተደምሮ በ2029–30 ወደ 5 ቢሊዮን ፓውንድ ለማዳን ታስቦ ነው። መለያው ምን ነበር? በግምገማው ከሚሰጡት ነጥቦች ቢያንስ በአንዱ ተግባር አራት ነጥብ ያላገኘ ሰው የዕለት ኑሮ ክፍያውን ያጣል። ከወገቡ በታች ለመታጠብ የሰው እርዳታ የሚፈልግ ሰው በዚያ የሚያገኘው 2 ነጥብ ነው። ሱሪና ጫማ ለመልበስ እርዳታ ከፈለገም 2። እንዲህ ሁለት ሁለት እያለ 8 ሊደርስና እስከዚያ ጊዜ ድጎማው ሊገባው ይችል ነበር፤ በአዲሱ ሐሳብ ግን አንድ ቦታ 4 ስለሌለው ይወድቃል። መንግሥት ራሱ በለውጦቹ በጠቅላላ 250 ሺህ ሰው ወደ ድህነት ይገባል ብሎ ገመተ። ከ120 በላይ የሌበር አባላት አመፁ። ጁላይ 1 ሕጉ በሁለተኛ ንባቡ 335 ለ260 ሲያልፍ፣ መንግሥት የፒፑን ክፍል ነቅሎ እንደሚያወጣ ቃል ገብቶ ነበር።

ሁሉም ግን አልተነቀለም። እዚህ ጋ ነው የዕድሜና የድጎማው ነገር የሚገናኘው። የጡረታ ዕድሜ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ከ66 ወደ 67 እየጨመረ ይሄዳል፣ በ2028 ይጠናቀቃል። ከማርች 6 ቀን 1961 ጀምሮ የተወለደ ሰው 67 ይጠብቃል። በዚያው ኤፕሪል 2026፣ በሕመም ምክንያት መሥራት ለማይችል ሰው በዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ የሚጨመረው የጤና ክፍያ ለአዲስ ጠያቂዎች በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ወደ 50 ፓውንድ በሳምንት። በጣም የከበደ ሕመም ያለባቸው ከዚህ ውጪ ናቸው። ሁለቱ በአንድ ወር ነው የሚመጡት።

በወረቀት ላይ የሁለት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ይመስላል። አንድ ሰው ላይ ሲያርፍ ግን እንዲህ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሮ ስታጸዳ የኖረች፣ ጉልበቷ ያለቀ የ66 ዓመት ሴት አስቡ። በድሮው ደንብ ጡረታ ወጥታ ይሆን ነበር። በ2025 ሙሉው ጡረታ በሳምንት 230 ፓውንድ፣ በወር ወደ 1,000 ፓውንድ ነበር። በ67ቱ ደንብ ግን ያንን ዓመት መሥራት አለባት። ካልቻለች ዩኒቨርሳል ክሬዲት ትጠይቃለች፣ የዚያው ዓመት መነሻ ክፍያ ለአንድ ሰው በወር 400 ፓውንድ ነው። የጤናው ተጨማሪ ከተፈቀደላት የድሮውን ግማሽ ያህል ታገኛለች። ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ለሠራ ሰው አንድ ዓመት መጨመር ቅር ቢያሰኝም ይገፋል። ለጽዳት ሠራተኛ፣ ለአረጋውያን ተንከባካቢ፣ ሌሊት ለሚነዳ ሹፌር ግን አንድ ዓመት ረጅም ነው። የጡረታ ዕድሜ ለሁሉም እኩል ሲጨምር ጉልበቱን የሸጠውና ወንበር ላይ የሠራው እኩል አይከፍሉም። ሦስተኛው የጡረታ ዕድሜ ጥናት በጁላይ 2025 ተጀምሯል። ይህ ነጥብ እዚያ ካልተነሳ የት ይነሳል?

በዚያች ሪቭስ ጁላይ 29 ቀን 2024 ባደረጉት ንግግር ላይ ስለሌላ ነገርም ተወስኖ ነበር፣ በማሞቂያው ጫጫታ ተዋጠ እንጂ። አንድ ሰው በሕይወቱ ለእንክብካቤ የሚከፍለው ከ86 ሺህ ፓውንድ እንዳይበልጥ የሚያደርገው ገደብ በኦክቶበር 2025 ሊጀመር ነበር። ተሰረዘ። እንግሊዝ ውስጥ ዛሬም ከ23,250 ፓውንድ በላይ ሀብት ያለው ሰው የእንክብካቤ ወጪውን ራሱ ይሸፍናል። ወደ አረጋውያን ማቆያ በቋሚነት ከገባ ቤቱም ሊቆጠርበት ይችላል፣ የትዳር ጓደኛ ካልኖረበት። ይህ ቁጥር ከ2010 ወዲህ አልተነካም። ከ2011 የዲልኖት ጥናት ጀምሮ ገደብ ይደረግ እየተባለ፣ ሕግ እየወጣ፣ እየተላለፈ፣ እየተሰረዘ እዚህ ደርሷል። አሁን ሉዊዝ ኬሲ የሚመሩት ኮሚሽን እያጠና ነው፣ የመጨረሻው ሪፖርት በ2028 ይጠበቃል። ለ82 ዓመት ሰው 2028 ሩቅ ነው።

እንክብካቤውን የሚሠራውስ ማን ነው? ከኛ መሀል ስንቶች ናቸው ሌሊት ሌሊት የሰው እናት የሚያገላብጡ፣ የሚያጥቡ፣ መድኃኒት የሚሰጡ! ደመወዙ ከዝቅተኛው የሕግ ደመወዝ ብዙም አይርቅም። በ2024–25 እንግሊዝ ውስጥ በዘርፉ ከ100 ሺህ በላይ ክፍት የሥራ ቦታ ነበር። በጁላይ 2025 ግን መንግሥት ለአዲስ የእንክብካቤ ሠራተኛ ከውጪ ቪዛ መስጠት አቆመ። ያለ አግባብ የተበዘበዙ ሠራተኞች ስለነበሩ ቁጥጥር ማስፈለጉ አያከራክርም። ቢሆንም የሚያረጀው ሰው አልቀነሰም፣ ደመወዙም አገሬውን የሚስብ አልሆነም። ስለዚህ ሥራው ወደ ቤት ይመለሳል። ወደ ሴት ልጅ፣ ወደ ምራት። በሳምንት 35 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚንከባከብ ቤተሰብ የሚከፈለው አበል በ2025 83 ፓውንድ ከ30 ነበር፣ ያውም ከሥራ የምታገኘው በሳምንት ከ196 ፓውንድ ካልበለጠ። «የኛ ባህል ወላጅ ይጦራል» ብለን የምንኮራበት ነገር እውነት ነው፣ ግን ለንደን ኪራይ እየከፈለች፣ ልጅ እያሳደገች፣ እናቷን የምታጥበውን ሴት ድካም ባህሉ አይከፍልላትም።

አንድ በጎ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የሁለት ልጅ ገደቡ በኖቬምበር 2025 በጀት ላይ እንዲነሳ ተወሰነ፣ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ። መንግሥት በ2029–30 450 ሺህ ልጆችን ከድህነት ያወጣል ይላል። ስለዚህ ገንዘብ የለም ሲባል የተባለው ሁሉ የመጨረሻ ቃል አልነበረም። ማሞቂያው ተመልሷል፣ የፒፑ ቅነሳ ቆሟል፣ የልጆቹ ገደብ ተነስቷል። ሦስቱም የተቀየሩት ሰው ስለጮኸ ነው። ፔንሽን ክሬዲት ላልጠየቁት እማማ ግን ማን ጮኸ? ለውጡ የመጣው የ30 ሺህ ፓውንድ ገቢ ያለው ጡረተኛ ሲቆጣ ነው። ማሞቂያው ለእሳቸውም ተመለሰ፣ በየዓመቱ የሚቀርባቸው ብዙ ሺህ ፓውንድ ግን እዚያው ቀርቷል።

መንግሥት መረጃውን ከካውንስሎች ጋር አገናኝቶ የሚገባውን ሰው ራሱ ለይቶ መክፈል ይችላል። የቤት ኪራይ ድጎማ ለሚያገኝ ጡረተኛ ገቢው አስቀድሞ ተጣርቷል፣ ለምን እንደገና 200 ጥያቄ? ይህ እስኪሆን ድረስ ሥራው የልጆችና የጎረቤቶች ነው። በስልክ መጠየቅ ይቻላል፣ አስተርጓሚም ይጠየቃል። ተቀባይነት ካገኘ ከጥያቄው ቀን እስከ ሦስት ወር ወደ ኋላ ታስቦ ይከፈላል። ከገንዘቡ ጋር የካውንስል ታክስ ቅናሽ፣ 75 ዓመት ለሞላው ነፃ የቴሌቪዥን ፈቃድ፣ የጥርስ ሕክምና ሊመጣ ይችላል። ገቢው ከመስመሩ በላይ የሆነ፣ ግን ለመታጠብና ለመልበስ ሰው የሚያስፈልገው አረጋዊ ደግሞ አተንዳንስ አላውንስ የሚባለውን የእንክብካቤ አበል ይጠይቅ። እሱ ገቢም ቁጠባም አያይም፣ በ2025 እንደ እርዳታው መጠን በሳምንት 73 ፓውንድ ከ90 ወይም 110 ፓውንድ ከ40 ነበር። እሱን ማግኘት የፔንሽን ክሬዲቱን መስመር ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ከዚህ በፊት በ3 ፓውንድ አልፈሃል ተብሎ የተመለሰ ሰው እንደገና ይሞክር።